እስከ ጭረቱ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት በዶክተሯ ትእዛዝ ነው። «የበሉትንና ሆድዎን ያመመዎትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፉ» አለችኝ። እሺ፣ ይኸው።

ጠዋት 12፡30፣ አንድ ጣሳ ትኩስ ወተት። 1፡15፣ ሆዴ እንደ ጎማ ተነፋ። 1፡40፣ ሩጫ።

ዶክተሯ ገና ልጅ ናት፤ ግን ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነው የምትናገረው። የወተቱን ስኳር ሆዴ አልፈጭ ብሎታል አለችኝ። በዕድሜ የሚመጣ ነው፣ ብዙ ሰው አለበት፣ አይገድልም። ከዛ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይብ ቀማሽ» አልኳት። ሳቀች፤ ቀና ብላ ፊቴን ስታየው ተወችው።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ከአይብ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ነው። ከወተት ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ 6

ዛሬ ጣሳውን ደፋሁት።

ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም፤ እንዴት እንደምጽፈው እንኳ አላውቅም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ማለት ነው፣ አባዬ በየጠዋቱ ወተቱ ሳይረጋ ከትልቁ ገንዳ በጣሳ ይቀዳና ይሰጠኛል። ቆሜ እጠጣለሁ። «እህ?» ይላል። «ጥሩ ነው» እላለሁ፣ ወይ ደግሞ «ላሞቹ ትናንት ጎመን በልተዋል» እላለሁ። ጎመን የበላች ላም ወተቷ ይናገራል። አባዬ ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሥራው ይዞራል። አለቀ። እስከ ማታ ሌላ ወሬ የለንም። አባዬ ወሬ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ያለንም የሌለንም ጨዋታ ይቺው ጣሳ ናት። ልጅ ሆኜ ጣሳውን ገልብጬ እልስ ስለነበር ስሜን ትቶ «ጠብታ» ይለኛል። አንዲት ጠብታ አታስቀርም ለማለት።

ዛሬ ፊቱን ሲያዞር ከበሩ ኋላ ለድመቷ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። «ጥሩ ነው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ያህል ውሸታም መሆኔን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ 9

ችኩል ነኝ። ደፋሁ። ድመቷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች አሁንማ። ምሳ ላይ እርጎ ብቻ፣ ሦስት ማንኪያ። 8፡00፣ ትንሽ ቁርጠት። ቁርጠቱ ከእርጎው ይሁን ከጭንቀቱ እንጃ።

ሰኞ 11

ወይ ጉድ። አባዬ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው። በሚመጣው ወር መጀመሪያ አልጋ ይዘውለታል። ከዛ በኋላ የምድር ቤቱን አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወርዶ መውጣት አይችልም ብለውታል።

ምሳ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ እኔንም ኢንጂነሩንም ሳያይ «ከመተኛቴ በፊት ብረቱን ለአንዳችሁ እሰጣለሁ» አለ።

ብረቱ መቅመሻው ነው፤ ጣት የሚያህል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ። ምድር ቤት የሚከርመው ደረቅ አይብ፣ ፎርማጆ ላይ ይወጋል፣ አንዴ ይዞራል፣ ሲወጣ ቀጭን ዘንግ ይዞ ይመጣል። ጫፉን ይቀምሱታል፣ የቀረውን መልሰው ቀዳዳው ላይ ይደፍኑታል። አባዬ ካልሆነ ማንም ነክቶት አያውቅም። የእኔ ሥራ ላይ ቤት ነው፤ ለጋውን አይብ በየጠዋቱ እቀምስና ትሪው ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ያለ እኔ ምልክት አንድ ማሰሮ ከዚህ ቤት አይወጣም።

ኢንጂነሩ የአክስቴ ልጅ ነው። ኢንጂነር አይደለም፤ ትልቁ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቶ ቴርሞሜትር ይዞ መጣና ሠራተኞቹ ስሙን አወጡለት። ደህና ልጅ ነው። ግማሽ ሊትር ወተት ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ዛሬ ሲጠጣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። ቀናሁ። በወተት የሚቀና ሰው ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

ብረቱን እፈልገዋለሁ። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም። እፈልገዋለሁ።

ሐሙስ 14

አክስቴ መጣች። የአባዬ እህት ናት፤ ከተቀመጠች ሁለት ነገር አታቆምም፣ ሹራብ መሥራትና ሟች ማማት። ዛሬ የማማት ተራው የእናቴ ነበር።

«ነፍሷን ይማርና ኩሩ ነበረች። እዚህ ቤት ስትኖር አንድ ቀን የባሏን ወተት ጠጥታ አታውቅም። ንቃው ነበር፣ ምን ይደረግ።»

አባዬ አጠገቧ ነበር። ስለ እናቴ አንድ ቃል ሲወጣው ሰምቼ አላውቅም። ስለማይወዳት ነው እያልኩ ነው ያደግኩት፤ አሁን ሳስበው ከአክስቴ የወረስኩት ወሬ ነው።

ጠመኔ አልቆብኝ ምድር ቤት ወረድኩ። ጠመኔው የሚቀመጠው በእናቴ ኩባያ ነው፣ ሰማያዊ የብረት ኩባያ፣ ጠርዙ የተላጠ። ከእሷ ዕቃ የቀረው ይኸው ነው። ጠመኔዎቹን ሳወጣ ውስጡን አየሁት፤ ከታች ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን በምስማር ተጭሯል። ለጠመኔ ተብሎ መልካም ኩባያ ያበላሸው ማን እንደሆነ እንጃ። አንጀቴን በላው።

እኔም እንደ እሷ ልባል ነው። የአባቷን ወተት የናቀች።

እሁድ 17

ኃጢአቴን ልጻፍ።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወጣሁ። ዝናብ ያባራበት ሰዓት ነበር፣ መንገዱ ሁሉ ሰው። ኬክ ቤቱ መስታወት ሥር አንዲት ሴትዮ ከልጇ ጋር አይስክሬም ትበላለች። ልጅቷ ማንኪያውን ትልስና እናቷን ታያለች፣ እናቷ ደግሞ ከራሷ ትጨምርላታለች። እዛው ቆሜ ቀረሁ። የኬክ ቤቱ ሰውዬ «ይግቡ እንጂ፣ ቦታ አለ» አለኝ።

ገባሁ። ሁለት ጉርሻ ብቻ እበላለሁ አልኩ። ሁለት ጊዜ አዘዝኩ።

10፡20፣ አይስክሬም፣ ሁለት። 11፡00፣ ጉዴ ፈላ። ቤቴ የደረስኩት በሩጫም በጸሎትም ነው። ላብ በላብ ሆኜ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ለራሴ ሳቅኩ፣ ከዛ አለቀስኩ። ረሃብ አይደለም። ሰው የማይርበውን ነገር እንዴት እንዲህ ይመኛል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲሉ እስቅ ነበር። የእኔ ላሞች እዚሁ ናቸው፣ በየጠዋቱ ሦስት መቶ ሊትር ይመጣልኛል፣ ማየቱንም አየዋለሁ።

ማክሰኞ 19

ዶክተሯ ደብተሬን አነበበች። እሁድ ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች።

«ለሁለት ሳምንት ሁሉንም ያቁሙ። ወተት፣ አይብ፣ እርጎ፣ ፎርማጆ፣ ሁሉንም። ከዛ አንድ በአንድ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከምግብ ጋር እየመለስን የሚስማማዎትን እንለያለን። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚበሉ ጥፋተኛው አይታወቅም።»

«መቅመስስ?»

«መቅመስም።»

«ዶክተር፣ እኔ የምበላው እኮ በመቅመስ ነው» ልላት ፈለግኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

አርብ 22

ዘዴ አገኘሁ። ማንኪያውን ከንፈሬ ላይ አስነካዋለሁ፣ ዐይኔን እጨፍናለሁ፣ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ከዛ ፊቴን አዙሬ በፎጣ እጠርገዋለሁ። ምልክት። የሚቀጥለው ትሪ። በሽታው እኮ ድኗል፤ አራት ቀን ሆዴ ምንም አላለም። የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው።

ድመቷ ግን ታማለች። ግቢውን አበላሽታዋለች። ኢንጂነሩ መጥረጊያ ይዞ እየተከተለ «ድመትም ወተት አይስማማትም እኮ፣ ተረት ነው የሚነግሩን» አለ። አባዬ ከገንዳው ቀና ብሎ፦

«ይቺን ድመት ወተት የሚያጠጣት ማነው?»

ኢንጂነሩ መጥረጉን ቀጠለ። እኔም ማሰሮ እቆጥር ነበር፣ አሥራ ሰባት ላይ ጠፋብኝ።

ከነገ ጀምሮ የፍሳሽ ቱቦው ላይ ነው የምደፋው። ምስኪን፣ እኔን ብላ ታመመች።

ሰኞ 25

ሰዓት የለኝም። የሆቴሉ ትእዛዝ፣ አርባ ማሰሮ። ኢንጂነሩ ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ ጨዉን ጨመርኩለት። ቀመስኩ አልቀመስኩ፣ ምልክት አደረግኩ፣ ጫኑት።

ማክሰኞ 26

ተመለሰ። አርባውም።

የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ስልክ ላይ የጮኸው ግቢው ድረስ ተሰማ። «አይብ ነው የላካችሁልኝ ወይስ የጨው ክምር? እንግዳ ፊት አዋረዳችሁኝ!»

ኢንጂነሩም ከስልኩ ተመልሶ ጨው ጨምሯል። እጥፍ ሆነ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ማንኪያ ጫፍ ምላሴ ላይ አድርጌ ቢሆን ኖሮ እሰማው ነበር።

አባዬ ትሪዎቹ ፊት ቆመ። «ጨው የጨመረው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ።

እውነቱን ነው፣ እሱም ጨምሯል። ዝም አልኩ። አባዬም ቀምሶ ያሳለፈው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ትሪው ላይ ያለውን የእኔን ምልክት ትኩር ብሎ አየውና በአውራ ጣቱ አጠፋው። ከዛ እያነከሰ ወጣ።

ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ አሉ። እኔ ለራሴ ብዬ ሳልጣፍጥ ልጁን ድንጋይ አስባልኩት።

ሐሙስ 28

ጣሳው አልመጣም።

ትናንት ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ገንዳው አጠገብ ቆምኩ፣ እንደ ሁልጊዜው እጄን በጋውኔ ጠርጌ። አባዬ ወተቱን አማሰለ፣ ቴርሞሜትሩን አየ፣ በጎኔ አለፈ። «እህ?» የለ፣ ምን የለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣሳው እንዳይመጣ ስጸልይ ነበር። ዛሬ ባዶ እጄን ይዤ ስቆም ለካ የምጠጣው ወተት አልነበረም።

አክስቴ መጥታ አለቀሰች። «ልጄን በአንድ ማንኪያ ጨው ሊያባርረው ነው» ትላለች። ኢንጂነሩ «እማዬ፣ ተይ» እያለ ወደ ውጭ ሳባት። እኔን አላየኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ 1

ሁለት ሳምንቱ ሊሞላ ነው። ሆዴ ሰላም። ክብደቴ ቀንሷል። ዛሬ የጎረቤት ቤት ቅቤ ሲነጠር ሸተተኝና መስኮቱን ዘጋሁት፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት።

ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ 3

ትናንት አልነገርኩትም። ዛሬም አልነገርኩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁላችንም ቁጭ ብለን ምሳ እንበላለን፣ ማንም የሚያውቀውን አይናገርም።

ኢንጂነሩን ማሰሮ ማጠቢያው ጋ ብቻውን አገኘሁት። «ስህተቱ የእኔ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ እትዬ» አለ። «ፎጣውን አይቼዋለሁ። ከአሥር ቀን በላይ ሳትቀምሺ ነው የምታሳልፊው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ!» ማሰሮውን በኃይል ፈገፈገው። «እኔ ብናገር ብረቱን ፈልጎ ነው ይባላል። ደግሞ እፈልገዋለሁ፣ ምን ልዋሽሽ። ግን እንዲህ አይደለም።»

በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። አፈርኩ።

ረቡዕ 4

ነገርኩት።

አባዬ በረንዳው ላይ ጉልበቱን በሙቅ ፎጣ ጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ እንደ ተማሪ። ዶክተሯን፣ ጣሳውን፣ ማንኪያውን፣ ጨዉን። «ብረቱን ለኢንጂነሩ ስጠው። አንድ ውሸት ለመሸፈን ልጁን ያስወቀስኩ ሰው ነኝ። ወተት የማይስማማው ቀማሽ ደግሞ የት አለ?» አልኩት።

ድመቷ እግሩ ሥር ተኝታ ነበር፣ ድናለች። ጆሮዋን አሸት አሸት አደረጋት።

«ይቺ ነግራኝ ነበር» አለ። «ወር ሊሞላው ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።» ፎጣውን አስተካከለ። «ጠዋት ምድር ቤት ውረጂ። ደግፊኝ።»

ሐሙስ 5

ሁሉንም ልጻፈው፣ አንድ ቃል እንዳይጠፋብኝ።

ደረጃውን ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ትከሻዬን ይዞ፣ በየደረጃው እየተሳደበ። ከኋላ ያለው መደርደሪያ፣ ከታችኛው ረድፍ፣ ሁለት ዓመት የሞላውን ፎርማጆ አሳየኝ። ብረቱን ወጋ፣ አዞረ፣ ሳበ። ጫፉን ቆርሶ ዘረጋልኝ።

«ብይ።»

«አባዬ፣ ዶክተሯ…»

«ሁለት ሳምንትሽ ሞልቷል አይደል? ብይ። ይሄ አይነካሽም። ስኳሩን ሲከርም ራሱ በልቶ ጨርሶታል።»

«አንተ ይህን በምን አወቅክ?»

ብረቱን በጋውኑ ጠረገ። አንዴ ጠረገ፣ ደገመ።

«እናትሽ ቀምሳልኝ።»

ቁጭ ማለት ፈልጌ የተቀመጥኩት የጨው ጆንያው ላይ ነው። አባዬ ሲያወራ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል አወራ። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አድርጎ ነው እንጂ እኔን እያየ አይደለም።

«በአባቴ ጊዜ እዚህ ቤት ፎርማጆ አይሠራም ነበር። ለጋ አይብ ብቻ። እናትሽን አመጣኋት። በየጠዋቱ በጣሳ እሰጣታለሁ፣ ሙሽራዬ አይደለች? አንድ ቀን ከበሩ ኋላ ስትደፋው አየኋት። እዛው አንቺ የደፋሽበት በር። ናቀችን አልኩ። እህቴም ጨመረችበት። አንድ ወር አኮረፍኳት። አንድ ወር ሙሉ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስላት። እሷ ደግሞ ባሌ ቤት መጥቼ የቤቱን እንጀራ አልበላም እንዴት እላለሁ ብላ ፈርታ በሆዷ ይዛው ነበር። በኋላ እያለቀሰች ነገረችኝ።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ፎርማጆ መሥራት ጀመርን። ሦስት ወር አከረምን፣ በላች፣ አመማት። ስድስት ወር፣ ትንሽ አመማት። እዚህ ደረጃ ላይ ትቀመጥና ሆዷን በእጇ ይዛ ትጠብቃለች። እኔ እዚህ ቆሜ ፊቷን አያለሁ። ዓመት ሲሞላው በላች፣ ጠበቅን፣ ምንም። ምንም! ሳቀች፣ ሌላ ስጠኝ አለችኝ። ይሄ ቤት የሚኖርበት ፎርማጆ እንዲህ ነው የመጣው። የመጀመሪያዋ ቀማሽ እሷ ነበረች። ብረቱም የእሷ ነው፣ እኔ አደራ ይዤ ነው የኖርኩት።»

የቀረውን ዘንግ መልሶ ቀዳዳው ላይ ደፈነው። ከዛ፦

«ስምንት ዓመት ነው አብራኝ የኖረችው። ከስምንት ዓመት ላይ በከንቱ ያኮረፍኩትን አንድ ወር እስከ ዛሬ እቆጥረዋለሁ። ለዚህ ነው አንቺን ያላኮረፍኩሽ።»

«ጣሳውን አስቀረህብኝ እኮ።»

«ስትደፊው ማየት አቃተኝ ልጄ። ጨዉ ሲመጣ ደግሞ በቃ፣ እያስገደድኩሽ ነው አልኩ።»

በላሁት። ከዛ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደነበረች ጠየቅኩት። ሦስተኛው አለ። ወደ ሦስተኛው ወረድኩ።

2፡50፣ የሁለት ዓመት ፎርማጆ፣ የአውራ ጣት ያህል። 3፡30፣ ምንም። 4፡00፣ ምንም። 5፡00፣ ምንም!

ቅዳሜ 7

ዛሬም በላሁ፣ ከዳቦ ጋር። ምንም። ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። «እሱማ እውነት ነው፣ የከረመው ስኳሩ የለም ማለት ይቻላል። በእርጎው ቀጥለን እንሞክራለን» አለችኝ። «ማን ነገረዎት?» ስትል «እናቴ» አልኳት። እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም፣ አፌ ላይ እንግዳ ነገር ነው።

አክስቴን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሹራቧን አስቀመጠች። «እኔ ምን አውቄ» አለች። እስክትሄድ ድረስ ሹራቡን አላነሳችውም።

ሰኞ 9

ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይተኛል። ቦርሳውን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት።

ዛሬ ሥራ ሳይጀመር ሁለታችንንም ጠራን። ለኢንጂነሩ ጠመኔውን ሰጠው፤ ከዛሬ ጀምሮ ለጋውን የሚቀምሰውም ምልክት የሚያደርገውም እሱ ነው። ለእኔ ብረቱን። «ያልቀመስሽውን ቀመስኩ እንዳትዪ» አለ፣ ሌላ ንግግር አላደረገም። ኢንጂነሩ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «እትዬ፣ ከምድር ቤት የሚመጣ ከሸተተ አልቀበልም» አለኝ። አቤት ጥጋብ! ከአንድ ደቂቃ በፊት እኮ ጠመኔው ከእጁ ሲወድቅ አይቼዋለሁ።

ብረቱ ካሰብኩት ይከብዳል።

ከዛ አባዬ ወደ ገንዳው ሄደ። ከሆስፒታል አስቀድመው የሰጡትን ሁለት ክራንች በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቀዳና መጣ። ጣሳው አልነበረም። ሰማያዊው ኩባያ ነበር፣ ታጥቦ። ወተቱ ከታች ነው፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ልክ የተጫረው መስመር ላይ ቆሟል።

«ከዳቦ ጋር» አለ፣ ቁራሽ ከኪሱ እያወጣ። «እስከዚህ ድረስ አይነካትም ነበር። እየለካን፣ እየለካን ነው ያገኘነው። በምስማር የጫርኩት እኔ ነኝ።»

ቆሜ ጠጣሁት። ሦስት ጉንጭ ቢሆን ነው። ሦስቱንም አፌ ውስጥ አቆየኋቸው።

«እህ?»

«ላሞቹ ትናንት ጎመን በልተዋል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ኩባያውን ግን አልመለስኩለትም፤ ገልብጬ እስኪነጥፍ ጠበቅኩ። «ጠብታ» አለኝና ወደ ገንዳው ዞረ።

12፡30፣ ወተት፣ እስከ ጭረቱ፣ ከዳቦ ጋር። 1፡15፣ ምንም። 1፡40፣ ምንም። 3፡00፣ ሆዴ ሰላም ነው። እናቴ ናፈቀችኝ።